የአራተኛዋ ድራይቭ ስም

እና ደግሞ ይስቃል፣ ድራይቭ ሊነቅል ተዘጋጅቶ ይስቃል፣ የሸሚዙን እጅጌ እስከ ክርኑ ጠቅልሎ የሆስፒታሉ መረጃ ካሴቶች ከሚቀመጡበት ማሽን፣ ከላይብረሪው በር ፊት ቆሟል፣ ለኃላፊዋ ስለ ሮቦቱ ክንድ እየቀለደላት ነው፣ ይሄ ሮቦት እኮ አማት ነው ይላታል፣ ካሴቷን ቀስ አድርጎ ያነሳታል፣ ግራ ቀኝ አገላብጦ ያያታል፣ ከዚያ ይቺማ ለቤታችን አትሆንም ብሎ ወደመጣችበት ይመልሳታል፣ እሷም ትስቃለች፣ ሆዷን ይዛ፣ ማሽኖቹ እንዲህ በሚጮሁበት ክፍል ውስጥ ሳቋ ከማሽኖቹ በላይ ይሰማል፣ ቀልዱ የኔ ነው። እኔ ነኝ የፈጠርኩት። ከአስራ አንድ ዓመት በፊት ለዚችው ሴትዮ፣ ያኔ ተለማማጅ ሆና ደብተር ይዛ ከኋላ ከኋላዬ ስትል፣ እዚሁ በር ላይ ቆሜ ነግሬያታለሁ፣ እሷ ምን አለች፣ አማት የሚለውንም ልጻፈው ወይ ብላ ጠየቀችኝ፣ ቀልድ መሆኑ አልገባትም፣ ዛሬ ገባት፣ ከሱ አፍ ሲወጣ ገባት።

ወንድሜ ነው። ታናሼ፣ የእናቴ የመጨረሻ፣ በአስራ ሦስት ዓመት እበልጠዋለሁ፣ በጀርባዬ አዝዬዋለሁ፣ ንፍጡን በሸሚዜ ጠርጌዋለሁ፣ መጀመሪያ ፈታትቶ ያበላሸው ኮምፒውተር የኔ ነው፣ ያኔ አልተቆጣሁም፣ ይሄ ልጅ እጁ ያውቃል አልኩ፣ ለጎረቤቱ ሁሉ አወራሁለት፣ ሞኝ፣ በገዛ አፌ አነገስኩት፣ ባጎረስኩ እጄን ተነከስኩ ማለት ይሄ ነው፣ ግን አልነከሰኝም እኮ፣ ነክሶኝ ቢሆን ጥሩ ነበር፣ ቁስሉን አሳይቼ እጮህ ነበር፣ ይወደኛል፣ ጋሼ ጋሼ እያለ ይወደኛል፣ መከራው እሱ ነው።

ዝግጁ ነህ ጋሼ፣ ይለኛል፣ ዝግጁ ነኝ፣ እለዋለሁ፣ ሹራቤን ደርቤ ሁለቱ የሰርቨር ስክሪኖች ፊት ተቀምጫለሁ፣ የኔ ድርሻ ዛሬ ማየት ነው፣ እሱ ይነቅላል ይተክላል፣ እኔ ታየች አልታየች እላለሁ፣ በቃ፣ ሃያ ሁለት ዓመት ሠርቼ ታየች አልታየች ባይ ሆንኩ፣ እርስዎ ይቀመጡ፣ ቅዝቃዜው ለወገብዎ ጥሩ አይደለም፣ አለችኝ ኃላፊዋ ጠዋት፣ ለሱ አንተ ለኔ እርስዎ፣ ድሮ ጋሼ ትለኝ ነበር፣ ሹመቱ ሲመጣ ጋሼ ቀርቶ እርስዎ መጣ፣ አክብሮት ነው ይላሉ፣ እኔ እንደማየው አክብሮት ማለት ያረጀ ዕቃ ላይ የሚጣል ጨርቅ ነው፣ አቧራ እንዳይነካው፣ ከቦታውም እንዳይነሳ።

በሚቀጥለው ወር እሷ ወደ ዋናው መሥሪያ ቤት ትሄዳለች፣ ከላይ ለተጠቀሰው የሥራ መደብ ሁለት ዕጩዎች የቀረቡ መሆኑን እየገለጽን፣ ይላል ደብዳቤው፣ እየገለጽን፣ ሁለት ዕጩዎች ማለት እኔና እሱ፣ ሁለት ሰው ከአንድ ማኅፀን፣ አንዱ እዚህ ሆስፒታል ውስጥ አንድ ኮምፒውተር ብቻ በነበረበት ጊዜ የገባ፣ ሌላው አምና የመጣ፣ ዛሬ ልጁ ብቻውን ይሥራ፣ እጁን ልየው ብላለች፣ እጁን ካየች አለቀ፣ እጁ ያምራል፣ ያስተማርኩት እኔ ነኝ። ካማረለት ከወር በኋላ ፈቃድ የምጠይቀው እሱን ነው፣ ታናሼን፣ ወገቤን ስላመመኝ ግማሽ ቀን እንዲፈቀድልኝ በትሕትና እያመለከትኩ፣ ያንን ማመልከቻ ከምጽፍ ወገቤ ይሰበር።

ነገሩ ቀላል ነው፣ ላይብረሪው ሁለት ቁም ሳጥን የሚያህል ብረት ነው፣ ውስጡ ካሴት በካሴት፣ የሆስፒታሉ ሰው ሁሉ እዚያ ውስጥ አለ፣ የተሰበረ እግር፣ ያበጠ ልብ፣ ከሃያ ዓመት በፊት የተወለደ ልጅ ክብደት፣ ካሴቶቹን የሚያነቡት ስድስት ድራይቮች ናቸው፣ አራተኛዋ ከትናንት ወዲያ ሞተች። ታወጣታለህ፣ አዲስ ትተክላለህ፣ ይሄ የማንም ሥራ ነው፣ ችግሩ ስም ነው። እያንዳንዷ ድራይቭ ከፋብሪካ የራሷን ረጅም ስም ይዛ ነው የምትመጣው፣ ሰርቨሮቹ የሚያውቋት በዚያ ስም ነው፣ አሮጌዋን አውጥተህ አዲሷን ስትተክል ሰርቨሩ ይቺን አላውቃትም ይላል፣ የኔዋ የት ሄደች ብሎ ይጠብቃል፣ ሞኝና ሰርቨር የያዘውን አይለቅም፣ ለዚህ ነው ላይብረሪው ላይ አንዲት ምልክት ያለችው፣ ስሙን ለድራይቯ ሳይሆን ለቦታው ስጠው የምትል፣ እሷ ከበራች አራተኛው ቦታ ላይ ማንም ይቀመጥ ማን ስሟ ያው ነው፣ ሰርቨሩ መለወጧን ሳያውቅ ሥራውን ይቀጥላል። ስድስቱም ላይ በርታለች ብሎ ያስባል ወንድሜ፣ የመጀመሪያው ገጽ ላይ በርቷል ይላል እኮ፣ በትልቁ፣ በአረንጓዴ። አራተኛዋ ላይ ጠፍታለች። ያጠፋኋት እኔ ነኝ።

ስምንት ዓመቷ ነው፣ የዚያን ጊዜ የላይብረሪው ፕሮግራም ጉድለት ነበረበት፣ አራተኛዋ በሳምንት ሦስቴ ከሰርቨሩ እየጠፋች አሳበደችኝ፣ ምልክቷን ለሷ ብቻ አጠፋሁና በሁለቱ ሰርቨሮች ላይ የራሷን የፋብሪካ ስም በእጄ አሰርኩት፣ ፊደል በፊደል፣ ሠራ፣ ስምንት ዓመት ኮሽ ሳይል ሠራ፣ እጽፈዋለሁ ብዬ ነበር፣ መመሪያው ላይ አንድ መስመር፣ ነገ ነገ ስል ቆየ፣ መጀመሪያ ስንፍና ነበር፣ ኋላ ግን ስንፍና አልነበረም፣ ለራሴ እንኳ እውነቱን ልናገር፣ ኋላ ደስ ይለኝ ጀመር፣ በዚህ ሁሉ ሽቦ ውስጥ እኔ ብቻ የማውቃት አንዲት ነገር አለች፣ እኔ ከሌለሁ አራተኛዋን የሚያውቃት የለም፣ ቁልፍ ኪሱ ከትቶ እንደሚዞር ዘበኛ ደረቴን ነፋሁ፣ ለአንዲት ድራይቭ። ዛሬ ጠዋት ታዲያ ጠረጴዛዬ ድረስ መጣ፣ ሻይ ይዞልኝ፣ ስኳር የሌለው፣ ስኳር እንደተውኩ ያውቃል፣ ጋሼ፣ አራተኛዋ ላይ እኔ የማላውቀው ነገር ይኖር ይሆን፣ አለኝ፣ ዓይኑን ዓይኔ ላይ አድርጎ፣ የለም፣ አልኩት፣ ምን ይኖራል፣ ሂድ ሥራህን ሥራ። ሻዩንም ጠጣሁት።

ለምን፣ ለምን የለም አልኩት፣ ከቤት ስወጣ እኮ ሰላም ነበርኩ፣ አይ፣ አልነበርኩም፣ ከቤት የወጣሁት የእናቴን ዓይን ጠብታ አድርጌላት ነው፣ አራት ዓመት ሙሉ በየጠዋቱ፣ የምትኖረው እኔ ቤት ነው፣ የኋለኛው ክፍል፣ ከአልጋዋ አጠገብ አንዲት የፕላስቲክ ወንበር አለች፣ እዚያ ተቀምጬ ጠብታውን አደርጋለሁ፣ ጥፍሯን እቆርጣለሁ፣ ፀጉሯን የምታበጥራት ባለቤቴ ናት፣ ዓይኗ ደክሟል፣ ሐሳቧም ይሄዳል ይመለሳል፣ ድንቡሼ፣ ትለኛለች፣ ድንቡሼ መጣህልኝ፣ ድንቡሼ እሱ ነው፣ ሕፃን ሆኖ ጉንጩ ድንቡሽ ያለ ነበር፣ ዛሬ እንደ ሸምበቆ ቀጥኗል፣ እሷ ዘንድ ግን ድንቡሼ ነው፣ መጀመሪያ ሰሞን እኔ ነኝ እማዬ እላት ነበር፣ ትልቁ ነኝ፣ ታዲያ እሱ መቼ ነው የሚመጣው ትላለች፣ ፊቷ ጭልም ይላል፣ ስለዚህ ተውኩት፣ አዎ እማዬ፣ ድንቡሼ ነኝ። ያቺ ወንበር ላይ የተቀመጠ ሁሉ ድንቡሼ ነው፣ ግፊቷን ልትለካ የመጣችውን ነርስ እንኳ ድንቡሼ ምነው ከሳህ ብላታለች፣ ያን ቀን ቤቱ በሳቅ ሞተ፣ እኔም ስቄያለሁ።

ዛሬ ጠዋት ግን እጄን ያዘችኝ፣ ጠብታው ጉንጯ ላይ እየወረደ፣ ድንቡሼ፣ አለችኝ፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ ሌላ ሰው እንዳይሰማ፣ ወንድምህ ግን ምን ሆኖ ነው የማይመጣው፣ ምን አስቀየምኩት። ምን አስቀየምኩት አለች። ሥራ በዝቶበት ነው እማዬ፣ አልኳት። እሱስ ሁሌም ሥራ ነው፣ አንተ ግን አልጣልከኝም፣ ተባረክ አለችኝ፣ መረቀችኝ፣ ረጅም ምርቃት፣ ክፉ አይንካህ፣ እንቅፋት አይምታህ፣ የያዝከው ይባረክ፣ ሁሉም ለሱ፣ እኔ አሜን፣ አሜን፣ አሜን፣ እንደ ፖስተኛ ፈርሜ ተቀበልኩለት። እሱ እሁድ እሁድ ይመጣል፣ ሙዝ ይዞ፣ ሃያ ደቂቃ ይቀመጣል፣ ያስቃታል፣ ይሄዳል፣ ወንድምህ ሲመጣ ቤቱ ይሞቃል ትላለች ባለቤቴ፣ ሳታስበው ነው የምትናገረው፣ ብርዱ እንግዲህ እኔ ነኝ። አራት ዓመት የቆረጥኩት ጥፍር፣ የአራት ዓመት ጠብታ፣ ሁሉም በሱ ስም ገብቷል፣ ከዚያ ይሄው ሰው ሻይ ይዞ መጥቶ የማላውቀው ነገር አለ ወይ ሲለኝ ምን ልበለው፣ አለ ልበለው፣ ይቺንም እንካ፣ ጨምርበት ልበለው።

ኬብሉን ነቀለ። ቢጫዋን፣ ፋይበሯን፣ ቀስ አድርጎ፣ ጫፏን ቆብ አለበሳት፣ እንዳስተማርኩት፣ አሁን መናገር ይቻላል፣ አሁን እኮ ሁለት ቃል ናት፣ ቆይ፣ አራተኛዋን ገጽ ክፈታት፣ ምላሴ ጫፍ ላይ አለች፣ ዝም አይነቅዝም ይላሉ፣ ዝም ያለ ሰው ምን አጠፋ፣ እኔ አልነካሁ፣ እኔ አልነቀልኩ፣ ራሱ ስድስቱንም ገጽ ከፍቶ ማየት ነበረበት፣ ጎበዝ አይደል፣ ነፍስ ነው እሱ ይሉት የለ የክፍሉ ልጆች፣ ነፍስ ነው፣ ሌላው ፋራ ነው፣ እንግዲህ ነፍስነቱ ያውጣው። ደግሞ ማንም አይሞትም፣ የልብ ሐኪሙ የአንዲት ታማሚ የድሮ ምስሎች እስከ ስድስት ሰዓት ይድረሱኝ ብሏል፣ ካሴቷ ለአራተኛዋ ተመድባለች፣ ትንሽ ትዘገያለች፣ በቃ መዘግየት ናት፣ እሱ ይደናገጣል፣ ኃላፊዋ ሰዓቷን ታያለች፣ ያኔ እኔ እነሳለሁ፣ ቀስ ብዬ፣ ወገቤን ይዤ፣ እስቲ ልየው እላለሁ፣ በጥቂት ደቂቃ አስተካክላታለሁ፣ አይ የድሮ ሰው ይላሉ። አይ የድሮ ሰው። ይቺን ቃል ከጠዋት ጀምሮ ስንት ጊዜ አላመጥኳት።

ሁለት መቀርቀሪያ፣ ጫን፣ ሳብ፣ ወጣች። አለፈ፣ አሁን ቆይ ማለት አይቻልም፣ ይቻላል ግን አይቻልም። አሮጌዋን ታቅፎ ወስዶ ጋሪው ላይ አስቀመጣት፣ አዲሷን ከካርቶኗ አወጣት፣ ላስቲኳን ላጠ፣ ከኃላፊዋ ጋር እያወራ ነው፣ የቀኝ እጁ ራሱን ችሎ ይሠራል፣ አምና ሲመጣ ሰዉን ለመልመድ ሦስት ቀን አልፈጀበትም፣ የበሩን ዘበኛ በልጆቹ ስም እየጠራ ሰላም ይለዋል፣ እኔ ሃያ ሁለት ዓመት ባለፍኩበት በር፣ ዘበኛው ልጆች እንዳሉት እንኳ አላውቅም ነበር፣ ምሳ ሰዓት ጠረጴዛው ዙሪያ ወንበር ይጠባል፣ እኔ ጋ ሁሌም ቦታ አለ። አስገባት። ጠቅ አለች። መብራቷ ብርቱካናማ ሆነ፣ ብልጭ፣ ብልጭ፣ ራሷን እስክታውቅ ሦስት ደቂቃ ትፈልጋለች።

ሦስት ደቂቃ ረጅም ነው፣ እስከ አስራ ሦስት ዓመቴ ብቸኛ ልጅ ነበርኩ፣ አልጋዬ መስኮቱ ሥር ነበረች፣ ጠዋት ፀሐይ መጀመሪያ እኔን ነው የምታገኘው፣ እናቴ በስሜ ትጠራኝ ነበር፣ ስሜን እያቆላመጠች፣ እየጎተተች፣ ከግቢው ጫፍ እስከ ጫፍ፣ ከዚያ እሱ መጣ፣ በጨርቅ ተጠቅልሎ፣ ቀይ፣ ጩኸታም፣ መስኮቱ ሥር ሙቀት አለ ለሕፃኑ ይሻለዋል ተባለ፣ አንተ ትልቅ ነህ አይደል፣ አለችኝ፣ ትልቅ ነኝ አልኩ፣ አልጋዬን በገዛ እጄ ወደ በሩ ገፋሁ፣ ከዚያ ቀን ጀምሮ ትልቁ ሆንኩ፣ ትልቁ ውሃ አምጣ፣ ትልቁ ያዘው፣ ትልቁ ተው አንተ ታውቃለህ እሱ አያውቅም። ሃምሳ አራት ዓመቴ ነው። ስለ አልጋ እያሰብኩ ነው፣ ሹራብ ለብሼ፣ ብርድ ክፍል ውስጥ፣ ጀርባዬን ላብ ላብ ይለኛል፣ ሰው ይስቅብኛል ይሄን ቢሰማ።

አረንጓዴ። ይሄው፣ ይላል ወንድሜ፣ እጁን ያጨበጭባል፣ ኃላፊዋም ታጨበጭባለች፣ በሩ ላይ የቆመው ተላላኪም ምን እንደሆነ ሳይገባው ያጨበጭባል፣ ጋሼ፣ ታየችህ።

ስክሪኑን አያለሁ፣ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አምስት፣ ስድስት። አራት የለችም፣ ከታች ማንነቷ የማይታወቅ አንዲት መጥታለች ይላል፣ ልክ እንዳሰብኩት፣ ልክ እንደተመኘሁት፣ ሆዴ ውስጥ ሞቅ ያለ ነገር ይፈሳል፣ ደስታ ነው፣ አልዋሽም፣ ደስታ ነው፣ ወዲያው ደግሞ ራሴን ያስጠላኛል፣ ጋሼ ይላል፣ ገና ፈገግታው ፊቱ ላይ ነው፣ አሁንም እኮ መንገድ አለ፣ አዲሱን ስም ዝም ብዬ ከዚሁ ማሰር፣ ማንም አያይም፣ ታየችኝ ማለት፣ ጭብጨባው የሱ፣ ሹመቱ የሱ፣ ምርቃቱ የሱ፣ እኔ ደግሞ አሜን።

አልታየችኝም፣ እለዋለሁ። ድምፄ ደህና ነው፣ ድምፄ ምንም አልሆነም።

ፈገግታው ወዲያው አይጠፋም፣ ቀስ እያለ ነው የሚሄደው፣ እንዴት አልታየችህም፣ አልታየችኝም፣ ኬብሉን ይነካካል፣ ይጫናል፣ ምልክቱ በርቷል እኮ ይላል ለራሱ፣ ወደ ላይብረሪው ስክሪን ይሄዳል፣ አራተኛዋን ገጽ ይከፍታል፣ ይቆማል። የማየው ጀርባውን ነው። ጠፍታለች፣ ይላል፣ ይቺ ለብቻዋ ጠፍታለች፣ ኃላፊዋ ሰዓቷን ታያለች፣ እንዳሰብኩት ነው፣ ሁሉም እንዳሰብኩት፣ ሐኪሙን ምን ልበለው ትላለች፣ አሁን ነው የምነሳው፣ አሁን ነው እስቲ ልየው የምለው፣ ግን ወንድሜ ይቀድመኛል፣ በሦስት እርምጃ አጠገቤ ይደርሳል፣ ከትከሻዬ በላይ ጎንበስ ብሎ ኪቦርዱን ይዞ የሰርቨሩን የስም ዝርዝር ይከፍታል፣ እዚያ አለች፣ በእጅ የታሰረችው መስመር፣ አራት፣ ረጅሙ የፋብሪካ ስም፣ ከጎኑ ቀኑ፣ ስምንት ዓመት የሆነው፣ ከቀኑ ጎን እኔ የምገባበት ስም። ሰርቨር ማን እንዳሰረው ይጽፋል፣ ረስቼው ነበር፣ ይሄን እንዴት እረሳለሁ፣ ጉድና ጅራት ከወደኋላ ነው። ያነባል፣ ትንፋሹ ጆሮዬ ላይ ነው፣ አንድ ጊዜ ብቻ ያየኛል፣ ቁጣ ቢሆን ምናለ፣ ቁጣ ቢሆን እችለው ነበር፣ ሕፃን ሆኖ ያለ ጥፋቱ ስመታው የሚያየኝ ዓይን ነው፣ ምን አደረግኩህ የሚል። ከዚያ ዝርዝሩን ይዘጋዋል። በገዛ ጣቱ ይዘጋውና ቀና ብሎ ወደ ኃላፊዋ ይዞራል።

የኔ ጥፋት ነው፣ ይላታል። አራተኛዋን ገጽ ሳልከፍት አለፍኩ፣ ጋሼ እንኳ ጠዋት ነግሮኝ ነበር፣ ረሳሁት።

ነግሮኝ ነበር። ነግሮኝ ነበር ይላል፣ ኃላፊዋ ፊቷ ይጠቁራል፣ ከጋሪው ላይ የብልሽት መዝገቡን ታነሳለች፣ እስክሪብቶ ከደረት ኪሷ ታወጣለች፣ መጻፍ አለብኝ፣ ታውቃለህ፣ ትለዋለች፣ ጻፊው ይላታል፣ ችግር የለም። ችግር የለም ይላል። አሸነፍኩ፣ ይሄው፣ ከተመኘሁትም በላይ ሆነልኝ፣ ዝም ብዬ ብቀመጥ ሹመቱ የኔ ነው፣ አፌን አልከፍትም፣ እጄን አላነሳም፣ ራሱ ይመጣልኛል። ታዲያ አንጀቴ ለምን ቅጥል ይላል። አየዋለሁ፣ አንገቱን ደፍቶ ቆሟል፣ ደፍቶም ያምራል፣ ሲሸነፍም ያምርበታል፣ አቦ ይሄ ልጅ ከምንድነው የተሠራው፣ አንድ ቀን ይታወቃል፣ ሰርቨሩ ላይ ተጽፏል እኮ፣ አንዱ ይከፍተዋል፣ ያኔ ታናሽየው የታላቁን ጥፋት ተሸከመ፣ ታላቅየው ቁጭ ብሎ አየ ይላሉ፣ ከአሁኑ ይሰማኛል፣ ኮሪደር ላይ፣ ምሳ ጠረጴዛው ላይ፣ ወንድም ማለት እንዲህ ነው ይላሉ፣ ሳቄን ወሰደ፣ መስኮቴን ወሰደ፣ ምርቃቴን ወሰደ፣ ደግነቱንም ቀድሞኝ ወሰደው፣ አሁን ደግሞ ጥፋቴን፣ የገዛ ጥፋቴን፣ ስምንት ዓመት ደብቄ ያቆየኋትን፣ በዚህ ሕንፃ ውስጥ የኔ የምላት አንዲት ነገር እሷ ናት፣ ከፊቴ ላይ አንስቶ ለራሱ ሊያስመዘግባት ነው።

ቆይ፣ እላለሁ። ተነስቻለሁ፣ ወገቤን አልያዝኩም። ቆይ፣ እንዳትጽፊ። ምነው፣ ትላለች። የሱ አይደለችም፣ የኔ ናት። ምኗ። ጥፋቷ፣ ጥፋቷ የኔ ናት። ጋሼ ተው፣ ይላል ወንድሜ፣ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ ክንዴን ሊይዝ ይሞክራል፣ አልተውም፣ አንተ ተው፣ ይቺን እንኳ ተውልኝ፣ እለዋለሁ፣ ድምፄ ከማሽኖቹ በላይ ይወጣል፣ ደግነት አይደለም፣ እግዜር ያውቃል ደግነት አይደለም፣ ደግ ብሆን ሻዩን ስጠጣ እናገር ነበር፣ ቅናት ነው፣ ሰው በገዛ ጥፋቱ ይቀናል እንዴ፣ እኔ ቀናሁ። እነግራታለሁ፣ ምልክቷን ያጠፋሁት እኔ፣ በሁለቱ ሰርቨሮች ላይ በእጄ ያሰርኩት እኔ፣ መመሪያው ላይ ያልጻፍኩት እኔ፣ ጠዋት ሲጠይቀኝ የለም ያልኩት እኔ፣ እኔ፣ እኔ፣ በአንድ ቀን እንዲህ ብዙ ጊዜ እኔ ብዬ አላውቅም። እየተናገርኩ ጣቶቼ ይሠራሉ፣ አሮጌውን ስም እፈታለሁ፣ ምልክቷን አብራት እለዋለሁ ወንድሜን፣ ያበራታል፣ ድራይቯ ጠፍታ ትበራለች፣ ለቦታው የተሰጠውን ስም ያነብልኛል፣ ሁለት ሁለት ፊደል እያደረገ፣ እኔ አስራለሁ፣ ስክሪኑ ላይ አራት ብቅ ትላለች። ታየች፣ እላለሁ። ሐኪሙ ምስሎቹን ከስድስት ሰዓት በፊት ያገኛል።

ማንም አያጨበጭብም። ኃላፊዋ መዝገቡን እንደያዘች ቆማለች፣ ሹመቱ ሄዷል፣ ሲሄድ ፊቷ ላይ አየሁት፣ ይሂድ፣ ያመመኛል ግን ይሂድ፣ ወንድሜ አጠገቤ ነው፣ አያየኝም፣ አራትን ነው የሚያየው፣ ዛሬ ወይ ነገ እንነጋገራለን፣ ወይም አንነጋገርም። ሙሉ ስም ይላል ቅጹ፣ ትለኛለች፣ እስክሪብቶዋን ወረቀቱ ላይ አድርጋ። እነግራታለሁ። የአባቴ ስም የሱም አባት ስም ነው፣ የአያቴም እንደዚያው፣ እነሱን ከሱ ጋር እጋራለሁ፣ የመጀመሪያው ግን የኔ ብቻ ነው፣ እሱን እደግምላታለሁ፣ ጮክ ብዬ፣ ጽፋ እስክትጨርስ ድረስም ዓይኔን ከእጇ ላይ አላነሳም።